የጎፍ ደን

የጎፍ ደን በአማራ ክልል፣ በደቡብ ወሎ ዞን፣ ከደሴ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከኮምቦልቻ ከተማ በላይ በሚገኘው የየጎፍ ተራራ ላይ ያለ የደጋ ደን ነው። የአበሻ ጥድና ወይራ የሚበዙበት የተፈጥሮ ደን ሲሆን፣ በየቦታው ከተተከሉ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። በደርግ ዘመን በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ ጥበቃ እንዲያገኙ ከተለዩት 58 ደኖች አንዱ ነበር። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የቆየ የተፈጥሮ ደን ምን እንደሚመስል ለማየት ለሚፈልግ እግረኛ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው።

አቀማመጥና የአየር ጠባይ

ተራራው የኢትዮጵያ ደጋ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር በሚያቆለቁልበት የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ይገኛል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,842 እስከ 1,915 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ከ2,470 እስከ 2,550 ሜትር ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በዚያ አጭር ርቀት የሚወረደው ከፍታ ከ500 ሜትር ይበልጣል። የየጎፍ ጫፍ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚደርስ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ጫፉ ላይ የሚወጣ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይሄዳል ማለት ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ አልፎ ስለሚቀንስ፣ ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የተነሣ ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ያስፈልገዋል።

አካባቢው እንደ ሌላው ምሥራቅ ወሎ ሁለት የዝናብ ወቅት አለው። በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይዘንባል፤ በአንዳንድ ዓመት ግን ይቀራል። ዋናው ክረምት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። ከደሴ የሚነሣው ቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርድና ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ስለሚቀር፣ በዚህ ተዳፋት ላይ የሚዘንበው ውኃ አገር ለቆ አይወጣም። ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ ከጦሳ ተራራ ወዲያ የሚዘንበው ግን ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። ሁለት ትልልቅ ተፋሰሶች የሚለያዩት ከደሴ ከተማ ጥቂት ርቀት ላይ ነው።

የድንጋዩ ዓይነት በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ የረጋ ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ነው። አፈሩ ዛፍ ሲይዘው ይጸናል፤ ሲራቆት ግን ቶሎ ይታጠባል። የደሴ ከተማ ዙሪያ በመሬት መንሸራተት የሚታወቅ በመሆኑ፣ በእነዚህ ተዳፋቶች ላይ ዛፍ መኖር አለመኖሩ ከታች ለሚኖር ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ዕፅዋት

የደኑ ዋና ዛፎች የአበሻ ጥድና ወይራ ናቸው። ሁለቱ አብረው የሚበዙበት ደረቅ የደጋ ደን በአንድ ወቅት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ሰፊ ክፍል ልብስ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድና በሼሆች መቃብር ዙሪያ፣ እንደ የጎፍ ባሉ የተጠበቁ ተራሮችም ላይ ነው። ከዛፎቹ ሥር አጋም፣ ቀጋ፣ ክትክታና አጣጥ ይበቅላሉ። ክትክታ የተጎዳ መሬት ላይ ቀድሞ የሚወጣ ቁጥቋጦ ስለሆነ፣ ክትክታ ብቻውን የሸፈነው ስፍራ አንድ ጊዜ የተመነጠረ ወይም የተቃጠለ መሆኑን መገመት ይቻላል።

ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ እንጨቱ ከባድ የሆነ ዛፍ ነው። ለሞፈርና ለልዩ ልዩ መሣሪያ ይፈለጋል፤ ከሰሉ ጥሩ ነው፤ በጭሱ የወተት ዕቃና ጋን ይታጠናል። ብዙ ጥቅም ያለው መሆኑ ነው ቀድሞ እንዲቆረጥ የሚያደርገው። ጥድ ደግሞ ለቤት ምሰሶና ለአጥር ተፈላጊ ነው፤ ምስጥ አይደፍረውም። የጥድ ችግኝ ጥቅጥቅ ካለ ጥላ ይልቅ ብርሃን ባለበት ክፍት ስፍራ ይሻላል፤ ስለዚህ አንዳንድ ትልልቅ ዛፎች በወደቁበት ስፍራ ሕፃናት ጥዶች ተሰብስበው ይታያሉ። የሁለቱንም ፍሬ ወፎች ይበሉትና ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉታል፤ ከደኑ ውጭ በድንበር ላይ ብቻቸውን የቆሙ ወይራዎች ከዚያ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

የተተከለው ክፍል ሌላ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ በረድፍ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ሣርና ቁጥቋጦው ስስ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ አረንጓዴ ነው፤ ገብቶ ለሄደበት ሰው ግን ልዩነቱ ከጥቂት እርምጃ በኋላ በጆሮም ይታወቃል፤ በባሕር ዛፉ ውስጥ የወፍ ድምፅ ይቀንሳል።

የዱር እንስሳት

ከትልልቆቹ አጥቢዎች በደጋ ደን እግረኛን ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው የምኒልክ ድኩላ ነው። ይህ የድኩላ ዝርያ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር ሲሆን፣ ወንዱ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው፣ ሴቷ ቀላ ያለች ቀንድ አልባ ናት። ድኩላ በመንጋ አይሄድም። ቀን በቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ማለዳና ምሽት ላይ ወደ ደን ዳር ብቅ ይላል። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ስለሚጮህ ያልለመደው ሰው ውሻ መሰለው ብሎ ዱላውን ያነሣል። መደበቂያ የሚሆን ከሥር የበቀለ ቁጥቋጦ ከሌለ ድኩላ የለም፤ ረድፍ ለረድፍ በተተከለ ባሕር ዛፍ ውስጥ የማይገኘውም ለዚህ ነው።

ነብር ግን ሳይታይ የሚኖር ነው። የሌሊት አዳኝ ስለሆነ በወሎ ተራሮች መኖሩ የሚታወቀው ከዱካው፣ ከፍየል ጠባቂ ስሞታና ከዝንጀሮ ጩኸት ነው። ጅብ በአንጻሩ ሰውን የለመደ ነው፤ ቀን በዋሻና በገደል ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ወደ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ይወርዳል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያደገ ሰው የጅብ ድምፅ ለመስማት ደን መግባት አላስፈለገውም። ቀበሮ፣ ጃርት፣ ጥንቸልና ሚዳቋ የአካባቢው ደጋ የተለመዱ እንስሳት ናቸው።

በዓለታማው ቦታ ላይ ሽኮኮ ማለዳ ፀሐይ ሲሞቅ ይታያል። ጥንቸል የሚያህል፣ ጆሮው አጭር፣ ጅራት የለሽ እንስሳ ነው። በሥጋ ዘመዱ የሚቀርበው ግን ጥንቸል ሳይሆን ዝሆን ነው፤ ተማሪዎች ሲሰሙት የማያምኑት ሐቅ ቢሆንም ከጥርሱና ከእግሩ አጥንት ጀምሮ እስከ ዘር ቅንጣቱ ጥናት ድረስ ያረጋግጠዋል። ጦጣና ዝንጀሮ ከገበሬው ጋር በየዓመቱ የሚጣሉ ናቸው። እሸት ሲደርስ ከደን ወጥተው ማሳ ላይ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ በደን ዳር የሚኖር ቤተሰብ በመኸር ጊዜ ሰብል ጠባቂ ማሰማራት አለበት፣ ይህም ብዙ ጊዜ የልጅ ሥራ ነው። ደኑን ከከተማ የሚያይ ሰውና ከዳሩ የሚያርስ ሰው ስለ አንድ ደን ሁለት ሐሳብ ያላቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከወፎች ውስጥ የሚያስደስተው ጉንጩ ነጭ የሆነው ቱራኮ ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ብዙም አይለይም፤ ሲበር ግን ከክንፉ ሥር ደማቅ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ሲሆን በሌሎች ወፎች የማይገኝ የቱራኮዎች ልዩ ቀለም ነው። ከገደሉ በላይ አጥንት ከፍ አድርጎ ድንጋይ ላይ በመጣል ሰብሮ መቅኔውን የሚበላው ትልቁ አሞራ አንዳንድ ጊዜ ያንዣብባል። ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቅ ቁራ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚገኝ ሲሆን በደሴ ሰፈሮችም ይታያል። ጋጋኖ በጩኸቱ፣ ቆቅና ጅግራ ደግሞ በድንገት ከእግር ሥር በመነሣት ይታወቃሉ።

የእግር መንገዶች

የጎፍ ላይ ምልክት የተተከለበት፣ ቁጥር የተሰጠው የጎብኝ መንገድ አይጠበቅ። በስኮትላንድ የመንግሥት ደኖች ለምሳሌ እግረኛው በቀለም የተለዩ አጫጭር እንጨቶችን ተከትሎ ይሄዳል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የመሬት ሕግም ማንም ሰው በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ በግል ይዞታ ላይ ጭምር በእግር የማለፍ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በየጎፍ መንገዱ የተሠራው ለመዝናኛ አይደለም። ከታች ወደ ላይ የሚሄዱት ዱካዎች በሙሉ አንድ ሰው ለሥራው የረገጣቸው ናቸው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ማን እንደረገጠው ያውቃል።

ሰፊውና የተስተካከለው ዱካ አህያ የሚሄድበት የገበያ መንገድ ነው። ከተራራው ወደ ኮምቦልቻና ደሴ እህል፣ እንጨትና ዶሮ ይዞ የሚወርድ ሰው የሚጠቀምበት ስለሆነ በገበያ ቀን ማለዳ ቁልቁል፣ ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ይጨናነቃል። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ምሥራቅ ያለችው ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ናት፤ ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከአፋር የሚመጣ ሰው የሚገናኝባት ገበያ በመሆኗ የዚህ አገር የእግር መንገዶች ምን ያህል በገበያ እንደሚመሩ ታሳያለች። ሁለተኛው ዓይነት የከብት መንገድ ነው። ብዙ ትይዩ ዱካ ሆኖ በተዳፋቱ ላይ በአግድመት ስለሚሄድ ለእግረኛ ቀላል ይመስላል፤ ግን ወደ ውኃ ወይም ወደ ግጦሽ እንጂ ወደ ጫፍ አያደርስም። ያለ መሪ የሚሄዱ ሰዎች አቅጣጫ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ጠባቡ፣ በጥድ ቁጥቋጦ ውስጥ ድንገት የሚጀምርና ድንገት የሚያልቅ የእንጨት ለቃሚ ዱካ ነው። ወደ ላይ ሲሄዱበት ባዶ ነው፤ ሲወርዱበት ግን ከባድ እስር እንጨት በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ስለሚመጡ መንገዱን መልቀቅ ይገባል። በደጋው አገር ልማድ ሸክም ያለበት ቅድሚያ አለው።

ሌላም ጉዞ አለ። ወሎ የሃይማኖት መንገደኛ አገር ነው። ከኮምቦልቻ አካባቢ በቃሉ የሚገኘው ጌታ የሼሕ ቡሽራ ስፍራ ሲሆን፣ እርሳቸው በ19ኛው መቶ ዘመን ስመ ጥር ከነበሩት የወሎ ዑለማ አንዱ ናቸው። ሰሜን ደግሞ በሐይቅ ዳር የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ያስፋፉበት ነው። በሁለቱም ዓይነት ስፍራ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። በዚህ ምክንያት በተራቆተ ኮረብታ ላይ ድንገት ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ከታየ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ወይ መቃብር እንዳለበት መገመት አብዛኛውን ጊዜ አያሳስትም።

ለእግር ተጓዥ የሚመቹት ወራት ክረምት ከወጣ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ናቸው፤ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ተራራው አበባ ላይ ነው፣ ጭቃው ግን ገና አልደረቀም። መውጣት የሚጀመረው በማለዳ ሲሆን ከምሽቱ በፊት መውረድ አስፈላጊ ነው። ጥላ ባለበት ስፍራ ሳማ ስለሚበዛ ረጅም ሱሪ ይመከራል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከእጅ እጅ የተላለፉ በመሆናቸው በተራራ ላይ የተገኘ እንግዳ ብረት አይነካም። ከዚያ በኋላም በክልሉ የጸጥታ ችግር ስለነበር፣ ከመነሣት በፊት የአካባቢውን ነዋሪና አስተዳደር መጠየቅና ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ታሪክ

ተራራውና ከሥሩ ያለው መተላለፊያ በጦር ታሪክ ውስጥም ስም አላቸው። በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ የጣሊያን ጦር ከአዲስ አበባ ለሚመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ የኮምቦልቻን መተላለፊያ ዘግቶ ለጥቂት ቀናት ተዋጋ። መተላለፊያው ከተሰበረ በኋላ ደሴ በሚያዝያ 18 ቀን ተያዘች። ዛሬ ከተራራው ላይ ሲታይ ገደሉን እየተጠመዘዘ የሚወጣው መንገድ ለምን ያን ያህል ያዋጋ እንደነበር ግልጽ ነው።

በደርግ ዘመን የጎፍ በመንግሥት ደንነት ተይዞ ጥበቃው ጠበቀ፣ ተከላውም ሰፋ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎ ከሁሉ በላይ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ስለነበረች፣ በተራቆቱ ተዳፋቶች ላይ እርከን መሥራትና ችግኝ መትከል በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር በሰፊው ተካሄደ። በደቡብ ወሎ የማይባር ሐይቅ አጠገብም በ1973 ዓ.ም. ገደማ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከተዳፋት ማሳ በየዓመቱ ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብ በኢትዮጵያ በተከታታይ ከተለካባቸው የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ ነው።

ጥበቃው ዋጋ ነበረው። ደኑ ሲሰፋ የእርሻና የግጦሽ መሬት ያጣ ገበሬ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የሕዝብና የመንግሥት ደን ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ተቆረጠ፤ የጎፍም ከዚህ አላመለጠም። አሉላ ፓንክረስት በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ስለ የጎፍ በጻፈው ጥናት ላይ ጥያቄውን የመንግሥት ደን ወይስ የማኅበረሰብ ደን በሚል መልክ አቅርቦታል። ጥያቄው የጠባቂ ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ከደኑ ሣር፣ ደረቅ እንጨትና ንብ ማነቢያ ቦታ ማን በምን ደንብ ያገኛል የሚል ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንንም በይዞታ ዓይነትነት ያውቃል።

ደን መቀነሱ ላይ ያለ ክርክር

ወሎ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሙሉ በሙሉ ደን ነበረች የሚል አባባል በስፋት ይሰማል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ ይህን ለመፈተን በ1937 እ.ኤ.አ. በጣሊያኖች የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ይዞ ከ60 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ እንደገና ፎቶ አነሣ። በብዙዎቹ ላይ በኋላ የተነሣው ፎቶ ከቀድሞው የበለጠ ዛፍ አሳየ። በአንጻሩ ከብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ በ1958 እና በ1986 እ.ኤ.አ. የተነሡ የአየር ፎቶዎችን ለቃሉ ወረዳ ሲያነጻጽሩ፣ ቁጥቋጦው፣ የወንዝ ዳር ዕፅዋቱና ደኑ ቀንሶ ገላጣ መሬትና መንደር መስፋቱን አገኙ።

ሁለቱ ውጤቶች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሚቆጥሩት ነገር አንድ አይደለም። በክረሚ ፎቶዎች ላይ የበዛው ዛፍ በብዛት ገበሬው ራሱ በቤቱ ዙሪያ የተከለው፣ በተለይም ባሕር ዛፍ ነው። በቃሉ ጥናት የቀነሰው ደግሞ ሳይተከል የበቀለው ነው። ስለዚህ ዛፍ እየበዛ ደን ሊጠፋ ይችላል። ለቤት ማገርና ለማገዶ ሲታይ ጭማሪው እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ገበሬው ባሕር ዛፍ ባይተክል ኖሮ በየጎፍ ላይ ያለው ጫና ከዚህም ይብስ ነበር። ለድኩላና ለቱራኮ ግን የቤት ዙሪያው ባሕር ዛፍ መኖሪያ አይሆንም። ከዚህ አንጻር የጎፍን በሄክታር ብቻ መለካት አሳሳች ነው፤ ውስጡ ስንቱ ጥድና ወይራ፣ ስንቱ ተከላ እንደሆነ አብሮ መጠየቅ አለበት።

በአቅራቢያ ያሉ ሌሎች ስፍራዎች

ደሴ ራሷ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል የተከበበች ስለሆነች አጭር ጉዞ ለሚፈልግ ሰው ሁለቱም ቅርብ ናቸው፤ ከአዝዋ ገደል ጠርዝ ቁልቁል ቆላው ይታያል። ሰፋ ያለ የደጋ ደንና ከፍተኛ ተራራ የሚፈልግ ሰው በዞኑ ምዕራብ ወዳለው የደንቆሮ ደን መሄድ ይችላል፤ ይህ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ሲሆን ከየጎፍ በተለየ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ከወሎ ወጣ ብሎ በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ደግሞ ሣርን ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ዘግቶ በተወሰነ ጊዜ ለባለመብቶች የሚከፍት የቆየ የሕዝብ ሥርዓት ያለው ነው። ጎብኚዎች እዚያ የሚራመዱት በአካባቢው ሰዎች መሪነት ሲሆን፣ ከጉብኝቱ የሚገኘው ገንዘብም ለጓሳው ዙሪያ ማኅበረሰብ ይደርሳል።